ከመድረኩ ጀርባ የቆሙት፦ የብሪታንያ የሳይንስ ልብወለድ ወዳጆችና በጎ ፈቃደኞቻቸው

የዚህ መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ በውጭ አገር ለምንኖር አባላት «ከምትኖሩበት አገር ታሪክ ለኛ የሚሆን ነገር ካለ ጻፉልን» ብሎ ጥሪ ሲያደርግ፣ ስለ ኦክስፎርድና ስለ ካምብሪጅ የሚጽፍ እንደማይጠፋ ስለገመትኩ እኔ ሌላ መንገድ ያዝኩ። የመረጥኩት የብሪታንያን የሳይንስ ልብወለድ ወዳጆች ታሪክ ነው፤ ከነሱም ውስጥ ጉባኤውን ያለ ደሞዝ የሚያደራጁትንና የመድረኩን ልብስ የሚሰፉትን።

«ይሄ ደሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚህ ሰዎች ቋሚ ባለቤትና ደሞዝተኛ የሌለው ጉባኤ ይዘው ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ነው። እንዲህ ያለ ነገር በምን ይኖራል? ከኖረስ በኋላ ማን ይታወስበታል? የታሪክ ትምህርት ክፍል ምሩቅ እንደመሆኔ ይህ ጥያቄ ከያዘኝ ቆይቷል፤ የኛንም ማኅበር የሚመለከት ይመስለኛል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሊድሱ አዳራሽ

ነገሩ የሚጀምረው በሰሜን እንግሊዝ፣ በሊድስ ከተማ ነው። ጃንዋሪ 3 ቀን 1937 ሃያ የማይሞሉ ሰዎች በከተማዋ የቴዎሶፊ ማኅበር አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሁሉንም ያገናኛቸው ስለ ሮኬት፣ ስለ ሌሎች ዓለማትና ስለ መጪው ዘመን የሚተርኩ መጽሔቶችን ማንበባቸው ነበር። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ የ19 ዓመት ወጣት ነበር፤ በኋላ በዓለም ዙሪያ ስሙ የገነነው ደራሲ አርተር ሲ. ክላርክ። ኤሪክ ፍራንክ ራስልና ቴድ ካርኔልም ነበሩ።

አሜሪካኖች «የመጀመሪያው ጉባኤ የኛ ነው፤ በኦክቶበር 1936 ፊላዴልፊያ ላይ ተሰብስበናል» ይላሉ። እንግሊዞቹ ደግሞ «እናንተ ጓደኛ ልትጠይቁ ሄዳችሁ ነው፤ እኛ ግን ቀድመን አስታውቀን፣ አዳራሽ ይዘን፣ ፕሮግራም አውጥተን ነው» ብለው ይመልሳሉ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። እኔን የሚገርመኝ የእንግሊዞቹ ማስረጃ ነው። በቦታው ታላቅ ደራሲ መገኘቱን አይደለም የሚያነሱት፤ አዳራሽ መያዙንና ጥሪ መተላለፉን ነው። በሌላ አነጋገር፣ ስብሰባን ጉባኤ የሚያሰኘው የአደራጁ ሥራ ነው እያሉ ነው። ይሁን እንጂ ስለዚያ ቀን ሲወራ የሚነሳው የክላርክ ስም ነው። ደብዳቤ ስለጻፉትና ወንበር ስለደረደሩት የሊድስ ወጣቶች የሚያወራ ጥቂት ነው።

ስቴንስልና ራሽን

ጦርነቱ መጣና ሁሉን በተነው። ብሪታንያ ውስጥ ልብስ ከጁን 1941 እስከ ማርች 1949 በራሽን ነበር። ወረቀትም እንዲሁ የተቆጠረ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም በውጭ ምንዛሪ ገደብ የተነሳ የአሜሪካ መጽሔት በደንበኝነት ማስመጣት አይቻልም ነበር። ኬን ስሌተር የተባለ የጦር መኮንን «ኦፕሬሽን ፋንታስት» ብሎ በሰየመው ድርጅቱ አማካኝነት፣ ገንዘብ ድንበር ሳይሻገር መጽሔት በመጽሔት የሚለዋወጡበትን ዘዴ አበጀ። የሻይ ቤት ወሬ የሚመስል ነገር ግን እንዲህ ባለ ሰው ነው ከመሞት የዳነው።

በለንደን ወዳጆቹ ሐሙስ ሐሙስ ማታ «ነጭ ፈረስ» በተባለ መጠጥ ቤት ይገናኙ ነበር። ክላርክ ኋላ ላይ ለአንድ የአጫጭር ልብወለድ መድበሉ መነሻ ያደረገው ይህንኑ መጠጥ ቤት ነው። በ1948 በበዓለ ሃምሳ ሰሞን ከጦርነቱ ወዲህ የመጀመሪያውን አገራዊ ጉባኤ ለንደን ላይ አካሄዱ። ከ1955 ጀምሮ ጊዜው ወደ ፋሲካ ተዛወረ፤ እስከ ዛሬም የፋሲካ ጉባኤ እንደሆነ ቀርቷል። በ1958 ደግሞ የብሪታንያ ሳይንስ ልብወለድ ማኅበር ተመሠረተ።

በጉባኤና በጉባኤ መካከል ሰዎቹን ያገናኝ የነበረው «ፋንዚን» የሚሉት ነገር ነው። በታይፕ ተጽፎ፣ ስቴንስል ተቆርጦ፣ በእጅ በሚዞር ማባዣ ማሽን የሚባዛ ትንሽ መጽሔት ነው። ከኛ አባላት መካከል በተማሪዎች እንቅስቃሴ ዘመን ስቴንስል ቆርጠው ሌሊቱን ወረቀት ሲያባዙ ያደሩ ታላላቆቻችን ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋቸውም። የቀለሙን ሽታና ጣት ላይ የሚቀረውን ጥቁረት ያውቁታል። እነሱ ያባዙት ስለ መሬት ላራሹ ነበር፤ እነዚህ ስለ ማርስ። ድካሙ ግን አንድ ነው፤ በጽሑፉ ላይ የሚቀረው የጸሐፊው ስም እንጂ ማሽኑን ያዞረው ሰው ስም ያለመሆኑም እንዲሁ።

ልብሱን ማን ሰፋው?

ወደ አልባሳቱ ስንመጣ ለአፍታ አትላንቲክን መሻገር ግድ ይለናል። መነሻው ግን እንግሊዛዊ ነው። በ1936 የኤች. ጂ. ዌልስን ድርሰት መሠረት ያደረገ፣ ዌልስ ራሱ ለፊልም የጻፈው «የሚመጡት ነገሮች» የተባለ ፊልም በብሪታንያ ተሠርቶ ወጣ። በፊልሙ ውስጥ የመጪው ዘመን ሰዎች ካባና አጭር ቀሚስ መሰል ልብስ ለብሰው ይታያሉ። በጁላይ 1939 የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልብወለድ ጉባኤ ኒውዮርክ ላይ ሲከፈት፣ ፎረስት አከርማንና ሚርትል ዳግላስ የተባሉ ሁለት ካሊፎርኒያውያን የዚያን ፊልም ዓይነት ልብስ ለብሰው ከች አሉ። ሌላ እንዲህ ለብሶ የመጣ ሰው አልነበረም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ «ኮስፕሌይ» እየተባለ የሚጠራው ልማድ ታሪኩን ሲቆጥር ከዚያ ቀን ይጀምራል።

ታዲያ ለብዙ ዓመታት በየመጽሔቱ የሚነሳው የአከርማን ስም ነበር። ሁለቱንም ልብሶች የነደፈችውም የሰፋችውም ሚርትል ዳግላስ ነች። በዓመቱ፣ በ1940፣ ቺካጎ ላይ የአልባሳት ውድድር ተደረገ፤ ዴቪድ ካይል «ፍላሽ ጎርደን» ውስጥ ያለውን ክፉ ንጉሠ ነገሥት ሚንግን መስሎ ቀርቦ አሸነፈ። የሚንግን ልብስ የሠራችው ደግሞ ሌስሊ ፔሪ የተባለች ሴት ነበረች። አያችሁ፣ ገና ከጅምሩ ሽልማቱ ለለበሰው፣ መርፌው ለሌላ ሆነ። ልብስ ሰፊ አባት ላሳደገው እንደኔ ላለ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሙሽራው «አማረበት» ሲባል አባቴ በር ላይ ቆሞ የትከሻውን ስፌት ያይ ነበር።

ልማዱ እንግሊዝ ሲገባ የራሱን መልክ ያዘ። በ1957 የዓለም ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰሜን አሜሪካ ወጥቶ ለንደን ላይ ተካሄደ። የተገኙት 268 ሰዎች ነበሩ፤ ሰብሳቢው ያ በሊድስ የነበረው ቴድ ካርኔል ነበር። በዚያ ጉባኤ ላይ ከቼልተንሃም ከተማ የመጡ ወዳጆች «የቅዱስ ፋንቶኒ ማኅበር» የሚል የቀልድ ማኅበር ይዘው፣ የመካከለኛው ዘመን ፈረሰኛና መነኩሴ ልብስ ለብሰው አዳዲስ አባላትን ሾሙ። ተሿሚው «ጠበል» ተብሎ የሚሰጠውን መጠጣት ነበረበት፤ ጠበሉ የሚያቃጥል አረቄ ነበር። ራሽን ካበቃ ገና ጥቂት ዓመት በሆነባት አገር፣ እያንዳንዷ እራፊ ጨርቅ በምትቆጠርበት ትውልድ እጅ ይህ መሠራቱን ሳስብ ቀልዱ ሌላ ክብደት ያገኝብኛል።

ኋላ ደግሞ ቴሌቪዥን መጣ። በ1974 «ዶክተር ሁ» ለተባለው የቢቢሲ ተከታታይ ድራማ ዋና ተዋናይ የአንገት ሻርፕ ሲታዘዝ፣ የአልባሳት ንድፍ ባለሙያው ጄምስ አቺሰን ለሹራብ ሠሪዋ ለቤጎንያ ፖፕ የክር ክምር ሰጣት። የተሰጣትን በሙሉ መጨረስ ያለባት መስሏት ሁሉንም ሠርታ አመጣችው፤ ሻርፑ መሬት ለመሬት የሚጎተት ሆነ። ተወደደና በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ እናቶችና አያቶች ያንኑ ሻርፕ ለልጆቻቸው ሠርተዋል። የድራማው ወዳጆች ማኅበር በ1976 ተመሠረተ፤ በዓመቱ የመጀመሪያ ጉባኤውን ያደረገው ለንደን ውስጥ በባተርሲ በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። የሰንበቴ አዳራሻችንን የምታውቁ ሰዎች ሁኔታውን ልትስሉት ትችላላችሁ።

ኤላ ፓርከርና መሰሎቿ

ከአደራጆቹ አንዷን ልጥቀስ። ኤላ ፓርከር የለንደን ሴት ነበረች። «ኦራይን» የተባለ ፋንዚን ታሳትም ነበር። ቤቷን በየሳምንቱ ለወዳጆቹ ክፍት ታደርግ ስለነበር፣ በፍቅር «ወህኒ ቤቱ» ብለው ሰየሙላት። የዓለም ጉባኤ በ1965 ወደ ለንደን ሲመለስ ሰብሳቢዋ እሷ ነበረች። ሌላዋ ኤቴል ሊንድሴይ ስኮትላንዳዊት ነርስ ነበረች። የሆስፒታል ተራዋን እየወጣች ፋንዚኗን ታዘጋጅ ነበር፤ በ1962 የሁለቱ አህጉራት ወዳጆች ከየኪሳቸው በሚያዋጡት የጉዞ ፈንድ በድምፅ ተመርጣ አሜሪካ ደርሳ ተመለሰች። ይህ ፈንድ በ1953 የተቋቋመ ነው፤ ሀብታም ደራሲን ሳይሆን ተራውን ወዳጅ ባሕር ያሻግራል።

ስለነዚህ ጉባኤዎች አሠራር አንባቢዬ ማወቅ ያለበት ዋናው ነገር ይህ ነው። የፋሲካው ጉባኤ ቋሚ ባለቤት የለውም። አንድ የወዳጆች ቡድን ተነስቶ «የሚመጣውን እኛ እናዘጋጅ» ይላል፤ በጉባኤው ላይ የተገኙት አባላት ድምፅ ይሰጣሉ። ማንም እጁን ካላነሳ ጉባኤ የለም፤ ነገሩ እንዲህ ቀላልም አስፈሪም ነው። የሚመጣ ሰው ትኬት ገዢ አይባልም፤ አባል ነው። አደራጁም ወንበር ተሸካሚውም በደንቡ የአባልነት መዋጮውን ይከፍላል። ለመሥራት ከፍለህ ትገባለህ ማለት ነው! የኛ ሰው ይህን ሲሰማ ሊስቅ ይችላል፤ ግን ዕድርም እኮ እንዲሁ ነው። ወርሃዊ መዋጮህን ከፍለህ፣ ተራህ ሲደርስ ድንኳኑን ራስህ ትተክላለህ።

ከመጋረጃው ወዲያ

የዓለም ጉባኤ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ለንደን የመጣው በኦገስት 2014 ነው፤ ቦታው በምሥራቅ ለንደን ኤክሰል የተባለው ግዙፍ አዳራሽ ነበር። በ1957 ከ300 ያልዘለለው ሕዝብ በዚያ ዓመት ከ10 ሺህ በላይ የተመዘገበ አባል ሆነ። እኔም አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጎትቶኝ በበጎ ፈቃደኝነት ገባሁ። ተላላኪ ፈቃደኞቹ «ጎፈር» ይባላሉ፤ «ወዲያ ሂድ፣ ወዲህ አምጣ» እንደማለት ነው። ለሠሩት ሰዓት «ግሮት» የሚባል የወረቀት ኩፖን ይሰጣቸዋል። ስሙ የጥንት የእንግሊዝ ሳንቲም ስም ነው፤ ምግብና መጠጥ ይገዙበታል። መርፌ መያዝ እንደምችል ሲያውቁ ከተላላኪነት አንስተው ከአልባሳት ትርዒቱ መድረክ ጀርባ፣ መጠገኛው ጠረጴዛ ጋ አስቀመጡኝ።

ከፊት ለፊት ያለ ተመልካች የሚያየው እያንዳንዱን ተወዳዳሪ ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው። ከኋላ ያለው ሥራ ግን ከሰዓታት በፊት ይጀምራል። የጦር ጥሩር የሚመስለው ነገር በአብዛኛው ፎም ነው፤ በሙቀት ተጣጥፎ፣ በማስቲሽ ተጣብቆ፣ ቀለም እንዲይዝ በነጭ ሙጫ ተለስኖ። ክንፍ በሽቦና በዘንግ ይወጠራል። ጭምብል ያደረገ ሰው እግሩን ስለማያይ ከመድረኩ ጠርዝ ላይ ጥቁር የለበሱ ፈቃደኞች ቆመው ይጠብቁታል፤ ሲወርድም እጁን ይይዙታል። ካሜራ ብልጭታ ተወዳዳሪውን ስለሚያሳውር በትርዒቱ ሰዓት ክልክል ነው። በዚያ ሙቀት ውስጥ ጭምብል ሳያወልቁ ውኃ የሚጠጣው በቀጭን ቱቦ ነው፤ ስለዚህ ቱቦ የሚያድል ሰው ራሱን የቻለ ተመዳቢ አለው። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ዛሬም እቆጥረዋለሁ፦ መርፌ፣ ክር በየቀለሙ፣ መርፌ ቁልፍ፣ መቀስ፣ ማስቲሽ፣ ፕላስተር፣ ፒንሳ።

የጠረጴዛው ኃላፊ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ ሴት ነበሩ። አንዲት ወጣት ወደ መድረክ ልትወጣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀራት የጀርባዋ ዚፕ ተበጠሰ፤ ለወራት የለፋችበት ልብስ ነው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሴትዮዋ አልተደናገጡም። «ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ በረጅሙ ተንፍሺ» ብለዋት ልብሱን ገላዋ ላይ እንዳለ ከላይ እስከ ታች ሰፉት። እኔ ክር እያስገባሁ አቀብል ነበር። ልጅቷ ወጣች፤ ጭብጨባው ከመጋረጃው ወዲያ ተሰማ። «ትርዒቱን ከፊት ሆነው አይተውት ያውቃሉ?» አልኳቸው። «በወጣትነቴ አንዴ» አሉኝና መርፌያቸውን ወደ ቀጣዩ መለሱ። እኔም እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም ልብስ ከፊት አላየሁም፤ ጀርባ ጀርባውን ነው ያየሁት።

በኋላ እንደተረዳሁት የአልባሳት ውድድሩ ራሱ ለዚህ ዓይነቱ ድካም ቦታ ሰጥቷል። ከመድረኩ ዳኞች ሌላ የእጅ ሥራ ዳኛ አለ። ይህ ዳኛ ከመድረክ ጀርባ ቁጭ ብሎ ልብሱን ይገለብጣል፤ ገበሩን፣ የስፌቱን ጠርዝ፣ የቁልፉን አተካከል ያያል። ጀማሪና የበቃ ሰው አንድ ላይ እንዳይወዳደሩም በደረጃ ይከፍሏቸዋል። አባቴ ይህን ቢያይ ምን ይል እንደነበር አውቃለሁ፦ «ገበሩን ያየ ነው ልብስ ያየ!»

የሚታወሰው ማን ነው?

እንግሊዞቹ ለአደራጆቻቸውም ተመሳሳይ ነገር አስበዋል። ዶክ ዌር የሚሉት አንድ ሰው ወደዚህ ማኅበረሰብ ዘግይቶ ገብቶ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙዎች ተወዶ አረፈ። ወዳጆቹ በስሙ ከ1963 ጀምሮ በየዓመቱ በፋሲካው ጉባኤ የሚሰጥ ሽልማት አቋቋሙ። በአባላት ድምፅ የሚሰጠው ይህ ሽልማት ለደራሲ ወይም ለተዋናይ የታሰበ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባ ሆነው ለሚለፉ፣ ስማቸው ላልተነሳ ሰዎች ነው። የሚሰጠው የብር ዋንጫ ነው፤ ተሸላሚው ዓመቱን ሙሉ አቆይቶ ለቀጣዩ ያስረክባል። ገንዘብ የለበትም። እንዲያው ሲታሰብ ከብዙ ታላላቅ ሽልማቶች ይልቅ ለታሪክ ጸሐፊ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ የተረሱ ሰዎች ዝርዝር ተረስቶ እንዳይቀር አድርጓልና።

ወረቀቱንም አልጣሉትም። ከ1930 እስከ 1980 ያለውን የብሪታንያ ወዳጆች ታሪክ ከፋንዚንና ከደብዳቤ ለቅሞ የጻፈው ሮብ ሀንሰን፣ ከነሱው መካከል የወጣ ሰው ነው። በ1970 የተቋቋመው የሳይንስ ልብወለድ ፋውንዴሽን ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ከ1993 ጀምሮ በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ ተመራማሪ ሄዶ ያነበዋል። መምህራን አንባቢዎቼ ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ትናንት «የወጣት ጨዋታ» ተብሎ የታለፈው ወረቀት ዛሬ የዩኒቨርሲቲ የጥናት ምንጭ ሆኗል። የሆነውም አንድ ሰው በካርቶን አድርጎ በቤቱ ስላስቀመጠው ነው።

አሁን ወደኛ ልምጣ። የማኅበራችን የመገናኛ በዓል ፎቶግራፎች በእጄ አሉ። የክብር እንግዳው፣ ንግግር አድራጊው፣ የተሸለሙት መምህራን ስማቸው ከነማዕረጉ ተጽፏል። አበባውን ያሰረው፣ የስም ካርዱን ሌሊት ቁጭ ብሎ የጻፈው፣ ለአረጋውያን መምህሮቻችን መኪና ያፈላለገው ግን በፎቶው ጠርዝ ላይ ግማሽ ፊቱ ብቻ ይታያል። በምረቃ ቀን ሁላችንም ጥቁሩን ጋውን ለብሰን ተነስተናል፤ ጋውኑን ማን ሰፋው፣ ማን አጥቦ ተኮሰው ብሎ የጠየቀ ስንቱ ነው?

ይህን የምለው ለምስጋና ያህል ብቻ አይደለም። በሊድስና በለንደን የታየው ነገር ቀላል ሕግ አለው፤ እጁን የሚያነሳ ካልተገኘ ተቋሙ በዚያው ዓመት ያበቃል፤ እጅ ማንሳት እንዲወረስ ደግሞ ቀድሞ ያነሳው ሰው መታየት አለበት። የኛ አደራጆች አብዛኞቹ ከኛ በላይ ናቸው፤ ደክመዋል። ተተኪ የምንፈልገው እነሱ ካለፉ በኋላ ከሆነ እንዘገያለን።

ስለዚህ ለአዘጋጅ ኮሚቴው ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ለበዓሉ የሠሩ ሰዎች ሁሉ ስም፣ ከነሥራቸው፣ አንድ ገጽ ይሰጠው፤ ድንኳን የተከለውም፣ ወጥ የሠራችውም ይግቡበት። ሁለተኛ፣ በየቤታችን ያለው የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ፣ የጥሪ ካርድና ፎቶ ተሰብስቦ ለዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ፤ ከፎቶው ጀርባም የሰዎቹ ስም በእርሳስ ይጻፍ። የኔ ድርሻ ሁለት ካርቶን ነው። ለበዓሉ ስመጣ ይዤው እመጣለሁ፤ ስማቸውን የማላውቃቸውን ፊቶች የምታውቁ እርሳስ ይዛችሁ ጠብቁኝ።